ስለ አሮጌ ተሽከርካሪ ሽጉጥና ስለ አንዲት ፊደል

በዚህ ገጽ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፉ ዕቃዎች አጠባበቅ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ዕቃ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። የግድግዳ ሰዓት ቢዘነጋ ይቆማል፤ የብራና መጽሐፍ ቢዘነጋ ብል ይበላዋል፤ የብር ዋንጫም ቢዘነጋ ይጠቍራል እንጂ ሰው አይጐዳም። ይህ ዕቃ ግን ሰባ ዓመት በሣጥን ውስጥ ተረስቶ ቢቆይ እንኳ በተነካበት ቀን ሰው ለመግደል ኀይሉ አልጐደለም። ስሙ በፈረንጅ ቋንቋ ሪቮልቨር ይባላል፤ እኛም ተሽከርካሪ ሽጉጥ እንለዋለን።

የጦር መሣሪያ ነገር ለወታደር እንጂ ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ይሠራል የሚለን አንባቢ ሳይኖር አይቀርም። መልሳችን አጭር ነው። ተሽከርካሪ ሽጉጥ ከወታደር ወገብ ከወረደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አጥብቆ ይዞት የነበረው የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ እንኳ የመጨረሻዎቹን በ2018 ከሥራ አስወጥቷቸዋል። እንግዲህ ብዙዎቹ አሮጌ ተሽከርካሪ ሽጉጦች የሚገኙት በአሜሪካና በሌላም አገር ባሉ ሰብሳቢዎች ቤት፤ በመሳቢያና በሣጥን ውስጥ ነው። ሰብሳቢው ሲሞት የሚረከቡት ደግሞ ነገሩን የማያውቁት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። ከዚህ የበለጠ የቤተ ሰብ ነገር የትኛው ነው? በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኘው ዘመን፤ የኛ ነው ካላልን በቀር፤ ሁሉም በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ አሠራሩን መረዳት ይገባል፤ ያላወቁትን ዕቃ መጠበቅ አይቻልምና። በሽጉጡ መካከል አምስት ወይም ስድስት፤ አንዳንድ ጊዜም ሰባት ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት አለ። ይህን ብረት መንኰራኵር እንበለው። በየቀዳዳው አንድ አንድ ጥይት ይጐርሳል። ከኋላው ጥይቱን የሚመታ መዶሻ አለ፤ ከታችም በጣት የሚሳብ ቃታ አለ። በጥንቱ ዓይነት ተኳሹ በአውራ ጣቱ መዶሻውን ወደ ኋላ ይስባል፤ በዚያን ጊዜ መንኰራኵሩ አንድ እርምጃ ይዞራል፤ ከዚህ በኋላ ቃታው ሲነካ መዶሻው ይወድቃል። የቃታው ሥራ መዶሻውን መልቀቅ ብቻ ስለ ሆነ ይህ ባለ አንድ ሥራ ይባላል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ቃታው በአንድ ስበት መንኰራኵሩን ያዞራል፤ ጥይቱን ከአፈ ሙዙ ትክክል አድርጎ ያቆማል፤ መዶሻውን ያነሣል፤ መልሶም ይለቀዋል። ተኳሹ ቢወድ እንደ ጥንቱ በአውራ ጣቱ ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ባለ ሁለት ሥራ፤ በፈረንጅ አፍም ደብል አክሽን ተባለ። የዛሬው ነገራችን ስለዚህኛው ነው።

ልዩነቱ በጣት ላይ ይታወቃል። መዶሻው አስቀድሞ የተነሣ እንደ ሆነ ቃታውን ለመሳብ አንድ ኪሎ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ የሚያህል ኀይል ይበቃል፤ መንገዱም እጅግ አጭር ነው። ቃታው ሁሉንም ሥራ ሲሠራ ግን አምስት ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ መንገዱም ይረዝማል። ብዙ ሰዎች ይህን ክብደት እንደ ጕድለት ይቈጥሩታል። እኛ ግን የመሣሪያው ዋና ጠባቂ እርሱ ነው እንላለን። ተሽከርካሪ ሽጉጥ እንደ ሌላው መሣሪያ በጣት የሚከፈትና የሚዘጋ መከልከያ በአብዛኛው የለውም፤ በሰውየው አሳብና በጥይቱ መካከል የቆመው የቃታው ክብደት ብቻ ነው። የአሜሪካ ከተሞች ፖሊስ ይህን ዐውቆታል፤ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በ1970ዎቹ የሽጉጦቹ መዶሻ በአውራ ጣት እንዳይነሣና በረጅሙ ስበት ብቻ እንዲተኰስ አድርጎ አሠርቶ ነበር፤ የተነሣ መዶሻ በደነገጠ እጅ ውስጥ አደገኛ ነውና።

የዚህ አሠራር መነሻ እንግሊዝ አገር ነው። ሳሙኤል ኮልት የተባለው አሜሪካዊ የባለ አንድ ሥራውን ሽጉጥ በ1836 በአገሩ መንግሥት ዘንድ በስሙ ካስመዘገበ በኋላ ዝናው እየገነነ ሄዶ፤ በ1851 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ሥራውን ለዓለም አሳየ። በዚያው ኤግዚቢሽን ሮበርት አዳምስ የሚባል የሎንዶን ጠመንጃ ሠሪ በቃታ ስበት ብቻ የሚተኰስ ሽጉጥ ይዞ ቀረበ። የአዳምስ ሥራ ፈጣን ነበረ፤ ነገር ግን መዶሻው በአውራ ጣት የሚያዝበት ጫፍ ስላልነበረው ረጋ ብሎ ለማነጣጠር አይመችም ነበር። በኋላ ፍሬደሪክ ቦሞንት የሚባል የእንግሊዝ የመሐንዲስ ጦር መኰንን ሁለቱን አሠራር በአንድ መሣሪያ ላይ አጋጠማቸው፤ የእንግሊዝ ጦርም በ1856 ተቀበለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮልት በሎንዶን ከፍቶት የነበረውን ፋብሪካ ዘጋ።

የኮልት ኩባንያ ራሱ ባለ ሁለት ሥራ ሽጉጥ ያወጣው ባለቤቱ ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ በ1877 ነው። መልኩ ያማረ ነበረ፤ የውስጡ ብረት ግን ቀጭንና ደካማ ስለ ሆነ ቶሎ ይሰበር ነበር፤ ጠመንጃ አዳሾችም በርሱ ብዙ እንጀራ በሉ። የሆነ ሆኖ እስከ 1909 ድረስ ተሠርቷል። ኩባንያው በ1889 ለአሜሪካ ባሕር ኀይል መንኰራኵሩ ወደ ጐን የሚወጣ ሽጉጥ ሠራ፤ ይኸውም ስድስቱ ቀለህ በአንድ ግፊት እንዲወጣ ያደርጋል። ተቀናቃኙ የስሚዝና ዌሰን ኩባንያም ይህን አሠራር በ1896 ተከተለ፤ በ1899 ደግሞ ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ የተባለውን ባለ 38 ሽጉጥ አወጣ። የዚህ ዓይነት ሽጉጥ እስከ ዛሬ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ስለዚህ በድሀውም በሀብታሙም ሰብሳቢ እጅ የሚገኘው እርሱ ነው።

ሰብሳቢዎች የሚወዱት የየራሳቸው አላቸው። አንዳንዱ በ1908 የወጣውንና ሦስት መቈለፊያ ያለውን የስሚዝና ዌሰን ባለ 44 ይሻል፤ እስከ 1915 ድረስ የተሠራው ወደ 15 ሺሕ ብቻ ነውና። ሌላው በ1935 የተጀመረውን ማግነም ይሻል፤ ይህኛው በየገዢው ትእዛዝ ተለክቶ የሚሠራና ከምስክር ወረቀት ጋር የሚሰጥ ነበረ፤ ጄኔራል ጆርጅ ፓተን በዚያው ዓመት በሃዋይ ሳሉ አንዱን ገዝተው በዝሆን ጥርስ እጀታ ይዘውታል። ሌላው ደግሞ በ1955 የወጣውን የኮልት ፓይተን ከሁሉ ያስበልጣል፤ ኩባንያው ማምረቱን ትቶት ከቆየ በኋላ በ2020 እንደ ገና በአዲስ አሠራር ጀምሮታል። እኛ ስንመለከተው ፓይተን መልኩ ከሁሉ ያምራል፤ ለዕለት ተኩስ ግን የሚሊተሪ ኤንድ ፖሊሱን ያህል የሚያገለግል የለም፤ ውበትና አገልግሎት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ከአውሮጳዎቹ ውስጥ የእንግሊዙ ዌብሊ ከወገቡ ተሰብሮ ሲከፈት ቀለሆቹን በሙሉ ራሱ ይተፋል። ሊዬዥ በምትባል በቤልጅግ ከተማ በነበሩት በናጋን ወንድማማቾች ተፈጥሮ ሩስያ በ1895 የተቀበለችው ናጋን ሰባት ጥይት ይጐርሳል፤ መዶሻው ሲነሣም መንኰራኵሩ ወደ ፊት ተገፍቶ ከአፈ ሙዙ ጋር ስለሚጋጠም የባሩዱ እሳት በመካከል አያመልጥም። ቃታው ግን ጣት ያደክማል። ለመኰንን በቃታ ስበት የሚተኰሰውን፤ ለተራ ወታደር ግን በአውራ ጣት ካልተነሣ የማይተኰሰውን ይሰጡ ነበር፤ ፈጥኖ የመተኰስ ሥልጣን ለማዕርግ የተጠበቀ ይመስላል። ከነዚህ መካከል በኛ ታሪክ ዳር የቆመው የኢጣልያው ቦዴኦ ነው። የኢጣልያ ጦር በ1889 መደበኛ ሽጉጥ አድርጎ ስለ ተቀበለው፤ በኛ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጊዜ የዚያ ጦር መደበኛ ሽጉጥ ይኸው ነበረ። ለወታደር የተሠራው ቦዴኦ የቃታ ከለላ የለውም፤ ቃታው ራሱ እንደ ሰንጢ ይታጠፋል።

እንግዲህ ስለ ቍጥር እንናገር፤ ይህ የኛ የሙያ ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ብንረዝም አንባቢ ይታገሠን። በፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ «አንድ ሽጉጥ» ተብሎ ብቻ በመዝገብ አይገባም። ሠሪው ማን እንደ ሆነ፤ ቍጥሩ ስንት እንደ ሆነ፤ በቍጥሩ ፊት ምን ፊደል እንዳለ፤ የጐደለው ብሎን ስንት እንደ ሆነ ሳይቀር ይጻፋል። ሽጉጥ ከሽጉጥ ጋር ይመሳሰላል፤ ቍጥሩ ግን አይመሳሰልም። መልካም ሰብሳቢም ከመዝገብ ጸሐፊ የሚለይበት ነገር የለም። የስሚዝና ዌሰን የቀድሞ ሥራዎች ቍጥራቸው በእጀታው ታች፤ በመንኰራኵሩ ጀርባ፤ በአፈ ሙዙም ሥር ተቀርጾ ይገኛል፤ በቀኙ የእጀታ እንጨት ውስጠኛ ፊት ላይም ይጻፍ ነበር። የኮልትን ቍጥር ለማየት መንኰራኵሩን ወደ ጐን አውጥቶ የታቀፈበትን ክንድ መመልከት ነው። እነዚህ ሁሉ ቍጥሮች አንድ ሲሆኑ ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፤ አንዱ ከተለየ ግን ከሁለት ሽጉጥ አንድ የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ይወድቃል።

ሁለቱ ፋብሪካዎች አሮጌ መዝገባቸውን ስላቈዩ፤ ቍጥሩን ጽፎ ዋጋውን ለከፈለ ሰው መዝገቡ የሚገልጸውን ያህል፤ ሽጉጡ በየትኛው ቀን ከፋብሪካ እንደ ወጣ፤ ለየትኛውም ነጋዴ ወይም መሥሪያ ቤት እንደ ተላከ የሚመሰክር ደብዳቤ ይጻፍለታል። አንድ መቶ ዓመት ያለፈው የሽያጭ መዝገብ ተገልጦ ለባዕድ ሰው ሲመሰክር ማየት ለኛ ለመዝገብ ሰዎች ትልቅ ደስታ ነው። በእጀታው ታች ከቍጥሩ አጠገብ ትንሽ ኮከብ የታተመችበት የስሚዝና ዌሰን ሽጉጥ ቢገኝም፤ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ታድሷል ማለት ነው። ኮከቢቱን ያላየ ሰው የታደሰውን ቀለም እንደ መጀመሪያው አድርጎ በውድ ዋጋ ይገዛል። ከዚህም የተነሣ አሮጌ ሽጉጥ አግኝቶ በአሸዋ ወረቀት የሚፈትግና የሚያብለጨልጭ ሰው፤ የጥንት ድርሳን አግኝቶ ፊደሉን በአዲስ ቀለም እንደሚደግም ሰው ነው። ዝገቱን በዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ያቁመው፤ ከዚያ በላይ እጁን ይሰብስብ።

ነገር ግን ቍጥር ለዋጋ ብቻ የሚመረመር አይደለም። በርእሳችን ያነሣናት ፊደል የምትገኘው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስሚዝና ዌሰን ፋብሪካ ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊሱን ለጦር ሠራዊት በብዛት ሲሠራ፤ ድል ለማለት ቪክቶሪ ብሎ ሰየመው፤ በቍጥሩም ፊት ቪ የምትባለውን የላቲን ፊደል አተመ። እነዚህ ሽጉጦች ሲወድቁ መዶሻቸው ጥይቱን እንዳይመታ በመካከል የሚገባ ትንሽ ብረት በውስጣቸው ነበራቸው፤ ይህ ብረት ግን ወደ ቦታው የሚመለሰው በራሱ ሞላ ኀይል ብቻ ስለ ነበረ፤ ቅባት ቢደርቅበት ወይም እድፍ ቢይዘው ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ነበረ። በ1944 አንድ እንዲህ ያለ ሽጉጥ በመርከብ ወለል ላይ ወድቆ ተተኰሰና አንድ መርከበኛ ገደለ። ማንም ቃታውን አልነካውም።

ፋብሪካው ሳይዘገይ አሠራሩን ለወጠው። አዲሱ መከልከያ የራሱን ሞላ የሚጠብቅ ሳይሆን፤ ቃታው ሲለቀቅ ቃታውን ወደ ቦታው በሚመልሰው ብረት ላይ ተያይዞ፤ ቃታው በተመለሰ ቍጥር እርሱም በግድ እንዲመለስ ሆኖ ተሠራ። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያው «ቢመለስ» ነው፤ ሁለተኛው «ሳይመለስ አይቀርም» ነው። አዲሱ መከልከያ የገባባቸው ሽጉጦች እንዲለዩ ከቪ አጠገብ ኤስ የምትባል ፊደል ተጨመረች፤ ከጦርነቱ በኋላም ቪ ቀርታ ኤስ ብቻዋን በቍጥሩ ፊት ቆመች። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ወንድማማች የሚመስሉ ሽጉጦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፤ ብረታቸው አንድ፤ መልካቸው አንድ፤ ጥይታቸው አንድ ሆኖ ሳለ፤ አንዱ ከእጅ ቢወድቅ ሊገድል ይችላል፤ ሁለተኛው አይገድልም። የሚለያቸው ለዓይን የማትሞላ አንዲት ፊደል ናት። ኤስ የሌለችበትን የያዘ ሰብሳቢ ሲተኩስም እንኳ ከመዶሻው ፊት ለፊት ያለውን ቀዳዳ ባዶ ያድርገው። ስለ ኮልት ያየን እንደ ሆነ ኩባንያው እንዲህ ያለውን በግድ የሚመለስ መከልከያ በ1905 አግኝቶት ነበር፤ ተቀናቃኙ 39 ዓመት ዘግይቶ ደረሰበት ማለት ነው።

አሮጌ ሽጉጥ ለመተኰስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ይመልከት፤ ከዚያ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ያንሣው። መዶሻው ላይ ደርሶ ከመያዙ በፊት መንኰራኵሩ በቦታው ጠቅ ብሎ መቈለፍ አለበት። ዘግይቶ ከተቈለፈ ወይም ከነአካቴው ካልተቈለፈ ጥይቱ ከአፈ ሙዙ ትክክል አይቆምም፤ ሲተኰስም አረሩ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ፍንጣሪው ወደ ጐን ይወጣል። አሮጌዎቹ ኮልቶች መንኰራኵራቸውን አጥብቀው የሚይዙ ስለ ሆኑ የሚገፋው ብረት ይበላል፤ ይህ በሽታ በእነርሱ ላይ በርትቶ ይታያል። በመንኰራኵሩና በአፈ ሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ወይም ከሁለት ወረቀት ውፍረት ሲያልፍም ወደ ጠመንጃ አዳሽ መሄድ ይገባል። በዚህ ክፍተት በተተኰሰ ቍጥር እሳት ያመልጣልና ማንም ሰው ጣቱን ወደ መንኰራኵሩ ፊት አይስደድ፤ ጠመንጃ መያዝ የለመደ ሰው በግራ እጁ ወደ ፊት መደገፍ ስለሚወድ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይርሳ።

ስለ ጥይት የሚነገረው ከዚህ ይከፋል። በጥቍር ባሩድ ዘመን የተሠራ ሽጉጥ የዛሬውን ብርቱ ባሩድ አይችልም። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የዌብሊው ነገር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ባለ 455 ዌብሊዎች ወደ አሜሪካ በብዛት ተሸጡ፤ ጥይታቸው በዚያ አገር እንደ ልብ ስለማይገኝ ነጋዴዎች የመንኰራኵሩን ጀርባ ከርክመው የአሜሪካው ጦር ባለ 45 ጥይት እንዲገባ አደረጉ። ጥይቱ በሚገባ ይገባል፤ ይተኰሳልም። ነገር ግን የዚህ ጥይት ግፊት ሽጉጡ በእንግሊዝ አገር ሲፈተሽ ከተሞከረበት ግፊት ያልፋል፤ ስለዚህ በየተኩሱ ብረቱ እየደከመ ይሄዳል፤ የሚፈነዳውም በመጀመሪያው ይሁን በመቶኛው አይታወቅም። ጥይት በቀዳዳው ገባ ማለት ለሽጉጡ ተስማማ ማለት አይደለም። ለአሜሪካ ጦር በ1917 የተሠሩት ኮልትና ስሚዝና ዌሰን ግን ያንኑ ጥይት ሦስት ሦስቱን በግማሽ ጨረቃ በሚመስል ቆርቆሮ እየያዙ እንዲጐርሱት ከመጀመሪያው የታሰቡ ስለ ሆኑ በነርሱ ላይ ይህ ክስ አይነሣም።

አተኳኰሱን በተመለከተ፤ ባለ ሁለት ሥራውን ሽጉጥ ገዝቶ ሁልጊዜ መዶሻውን በአውራ ጣት የሚያነሣ ሰው፤ በቅሎ ገዝቶ በእግሩ እንደሚሄድ ነው። ጥበቡ ያለው በረጅሙ ስበት ነው። ጣቱ ሳይቸኵልና መካከል ላይ ሳይቆም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ልክ መሳብ አለበት። ለመለማመድ ጥይትም አያስፈልግም፤ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በቀዳዳዎቹ የልምምድ ቀለህ ይገባል፤ በአፈ ሙዙ ላይ አንድ ሳንቲም ይቀመጣል፤ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታውን መሳብ ነው። በሞንታና ይኖር የነበረው ኤድ ማክጊቨርን በዚህ ጥበብ ከሁሉ የታወቀ ነው። በ1932 ከአራት ሜትር ተኩል ርቀት አምስት ጥይት በአንድ ሴኮንድ ግማሽ በማይሞላ ጊዜ ተኵሶ፤ የአምስቱም ቀዳዳ በአንድ የግማሽ ዶላር ሳንቲም የሚሸፈን ሆነ። ይህን ያደረገው በቃታው ስበት ብቻ ነው። ሰዎች በፍጥነቱ ይደነቃሉ፤ እኛን የሚያስደንቀን ግን ሥራውን የሚለካ የኤሌክትሪክ ሰዓት ራሱ እያሠራ ለዓመታት እያንዳንዱን ተኩስ በጽሑፍ ማስቀመጡ ነው፤ በ1938ም ያንኑ በመጽሐፍ አወጣው። በኋላ በ1999 ጄሪ ሚኩሌክ የሚባል ተኳሽ ስድስት ተኵሶ፤ እንደ ገና አጕርሶ፤ ስድስት ጨምሮ ሁሉን በ2.99 ሴኮንድ ፈጸመ።

ከተኩስ ቦታ የሚመለስ አባት ጆሮውንና ዓይኑን በሚገባ ሸፍኖ ከሆነ መልካም አድርጓል፤ ግን ሌላም አለ። ከአረሩና ከጥይቱ መለኰሻ የሚወጣው የእርሳስ ትቢያ በእጅና በልብስ ላይ ይቀራል፤ ለትንሽ ልጅ አካልና አእምሮ መርዝ ነው። ስለዚህ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቍረስ፤ ልብሱን ሳይለውጥም ሕፃን አይቀፍ። እመቤቶችም ይህን ቢያዙ መብታቸው ነው።

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ በ1968 የወጣው ሕግ እስከ 1898 የተሠራውን እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቈጥረው፤ ሁለት ዓመት ብቻ የሚበላለጡ ሽጉጦች በሕግ ፊት ሁለት ልዩ ነገሮች ይሆናሉ፤ እዚህም ቍጥሩንና ዘመኑን ማወቅ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በ1997 የወጡት ሕጎች አብዛኛውን ሽጉጥ ከግል እጅ አስወጥተዋል፤ ታሪካዊ ለሆኑት ብቻ በልዩ ፈቃድ ጠባብ በር ተትቷል። በአገራችን ነገሩ የሚመራው በኛ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «የአባቴ ማስታወሻ ነው» የሚለው ቃል ፈቃድ አይሆንም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ቀደም ሲል የቃታው ክብደት ጠባቂ ነው ብለናል፤ ይህ ግን ለአዋቂ ሰው ነው። በአንድ ጣቱ አምስት ኪሎ መሳብ የማይችል ሕፃን ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አስገብቶ ሊስበው ይችላል፤ አፈ ሙዙም በዚያን ጊዜ ወደ ራሱ ፊት ይዞራል። ስለዚህ ሽጉጡ በተቈለፈ የብረት ሣጥን፤ ጥይቱ በሌላ ቍልፍ፤ ቍልፉም ልጆች በማያውቁት ቦታ ይሁን። ከፍ ካለ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ ልጅ አይደርስበትም ማለት፤ ልጅ ወንበር መግፋት አያውቅም እንደ ማለት ነው። በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ማኖርም መልካም አይደለም፤ ቆዳው ርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል።

ባለቤታቸው ሞተው ከሣጥኑ ሥር እንዲህ ያለ ዕቃ ያገኙ እመቤት ምን ያድርጉ? ለጎረቤት ልጅ «እስኪ ይሠራ እንደ ሆነ እይልኝ» ብለው አይስጡ። ቃታውን አይንኩ፤ መዶሻውም ተነሥቶ ቢያገኙት ለማውረድ አይሞክሩ። ተሽከርካሪ ሽጉጥ ከሌላው የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ ሳይነኩት ከጐን ቢመለከቱ በመንኰራኵሩ ጀርባና በሽጉጡ አካል መካከል የቀለሆቹ ከንፈር ብዙ ጊዜ ይታያል። ታየም አልታየም እንደ ጐረሰ ይቈጠር። አሮጌ ጥይት አይሠራም የሚለውም ወሬ ብቻ ነው፤ በደረቅ ቦታ የቈየ ጥይት ከአንድ ትውልድ በኋላም ይተኰሳል። ክፍሉን ቈልፈው፤ ልጆችን አርቀው፤ ለፖሊስ ይንገሩ። ሽጉጡን ይዘው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድ ፖሊሱ ወደ ቤት ቢመጣ ይሻላል።

ሰብሳቢው ግን ይህን ሁሉ ድካም በሕይወቱ ሳለ በአንዲት ወረቀት ሊያስቀርላቸው ይችላል። በወረቀቱ ላይ ሠሪውን፤ ቍጥሩን ከነፊደሉ፤ የሚስማማውን ጥይት፤ የፈቃዱን ቍጥርና ቀን፤ ከማን እንደ ገዛው፤ በስንት እንደ ገዛው፤ ሲሞትም ማን እንዲጠራ እንደሚፈልግ ይጻፍ። ቪ ያለችው ኤስ የሌላት እንደ ሆነችም በቀይ ቀለም ለይቶ ያመልክት። ይህም ወረቀት ከሽጉጡ ጋር በአንድ ሣጥን አይቀመጥ፤ ከቤቱ ካርታና ከጋብቻው ምስክር ወረቀት ጋር ይኑር፤ ሣጥኑ በሌባ ቢወሰድ ሽጉጡ የሚፈለገው በዚያ ቍጥር ነውና።